የባሕር ዳርቻ ዕፅዋት ቅጠል ጨውን፣ ነፋስንና አሸዋን እንዴት እንደሚቋቋም ደረጃ በደረጃ የመመርመሪያ መመሪያ

በእስራኤል የሜዲትራኒያን ዳርቻ፣ በአሽዶድና በአሽቀሎን መካከል የሚገኘው የኒጻኒም የአሸዋ ምድር የቅጠልን አሠራር ለመማር እጅግ ምቹ ቦታ ነው። ከውሃው ጠርዝ ወደ ምሥራቅ ጥቂት መቶ ሜትር የተራመደ ሰው በመጀመሪያ ሥጋማ ቅጠል ያላቸውን ትንንሽ ተክሎች፣ ቀጥሎ እንደ ሽቦ የጠጠሩ ሣሮችን፣ ከዚያም ቁጥቋጦዎችን በተራ ያገኛል። በሁለቱ ከተሞች በርካታ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰቦችና ተማሪዎች ስለሚኖሩ መመሪያውን በዚህ ሥፍራ ላይ መሥርቼዋለሁ፤ ሆኖም አሠራሩ በጅዳ፣ በአቡ ዳቢ ወይም በሌላ ማንኛውም ባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰውም ያገለግላል።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር በግልጽ መቀመጥ አለበት። ብዙ የትምህርት ቤት መጻሕፍት የባሕር ዳርቻ ዕፅዋት ሁሉ ጨውን የሚቋቋሙ እንደሆኑ አድርገው በጅምላ ያቀርባሉ፤ ይህ ግን ተማሪውን ያሳስታል። ባሕር ዳርቻ በአንድ ጊዜ ብዙ ችግር የሚወርድበት ቦታ ነው፦ ማዕበል ሲሰበር ነፋስ ይዞት የሚመጣው ጨዋማ ፍንጣቂ፣ በአፈር ውስጥ ያለ ጨው፣ ውሃን ከቅጠል ላይ የሚነጥቅ ነፋስ፣ ቅጠልን የሚፍቅና ተክሉን የሚቀብር አሸዋ፣ ከላይ የሚወርድና ከነጭ አሸዋ ተመልሶ ከታች የሚመታ ብርሃን፣ በማዕድን የደኸየ አፈር። እያንዳንዱ ተክል ከእነዚህ መካከል አንዱ ወይም ሁለቱ በሚበረቱበት ቦታ ላይ ቆሟል። ስለዚህ ቅጠሉ ለምን እንዲህ እንደሆነ ከመጠየቅ በፊት ተክሉ የት እንደቆመና ምን እንደሚያገኘው መጠየቅ ይገባል። የዚህ መመሪያ ደረጃዎች ሁሉ የተደረደሩት በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

ጨው ለተክል ችግር የሚሆንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው ኦስሞሲስ፣ ማለትም ውሃ በህዋስ ስስ ሽፋን በኩል የሚያደርገው ጉዞ ነው፤ ውሃ ጨው ከበዛበት ወደ አነሰበት በራሱ ፈቃድ አይሄድም። በምሥራቅ ሜዲትራኒያን በአንድ ኪሎ ግራም የባሕር ውሃ ውስጥ 39 ግራም ያህል ጨው ይገኛል። የዚህ ውሃ የኦስሞሲስ ግፊት ከ25 ባር በላይ ሲሆን፣ ይህም በመኪና ጎማ ውስጥ ካለው ግፊት ከዐሥር እጥፍ በላይ ነው። በእንዲህ ዓይነት ውሃ ውስጥ ሥሩን የሰደደ ተክል ያንን ግፊት ካላሸነፈ በውሃ መካከል ሆኖ ይደርቃል። ሁለተኛው መርዝነት ነው፤ ሶዲየምና ክሎራይድ በቅጠል ውስጥ ሲከማቹ የህዋሱን ሥራ ያውካሉ፤ የቅጠል ጫፍና ጠርዝ ቡናማ ሆኖ የሚቃጠለውም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።

ደረጃ 1፦ ዝግጅትና ፈቃድ

ለመስክ ሥራው ዐሥር ጊዜ የሚያጎላ የእጅ አጉሊ መነጽር፣ ማስመሪያ፣ ማስታወሻ ደብተር፣ ግልጽ ላስቲክ ከረጢቶች፣ በትንሽ ጠርሙስ የተያዘ ዲስቲልድ ውሃ (በእንፋሎት የተጣራ፣ ጨው የሌለበት ውሃ) እና ጠብታ ማንሻ ይበቃሉ። ለቤት ወይም ለቤተ ሙከራ ሥራ ደግሞ አዲስ ምላጭ፣ ወረንጦ፣ ካሮት፣ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም፣ ስኮች፣ ባለካሬ ወረቀት፣ ቢቻል እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛንና የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋሉ።

በተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ ውስጥ ቅጠልም ሆነ አበባ መቁረጥ የተከለከለ ነው፤ ከጥብቅ ሥፍራ ውጭም ቢሆን ሕግ የሚጠብቃቸው የዱር ዕፅዋት አሉ። በመሆኑም በመስክ ላይ የሚደረገው ሁሉ ተክሉን ሳይጎዱ ማየት፣ መዳሰስና መመዝገብ ብቻ ነው። የሚቆረጠው ቅጠል ከችግኝ ጣቢያ ከተገዛ ተክል፣ ከትምህርት ቤት ግቢ ወይም ባለቤቱ ከፈቀደበት አትክልት ሥፍራ ይወሰድ። ይህን ደንብ አጥብቄ የምናገረው ፈቃድን ለማክበር ብቻ ብዬ አይደለም፤ የፊተኛውን የአሸዋ ክምር ይዞ ያቆመው የእነዚህ ተክሎች ሥርና ግንድ ስለሆነ፣ ረጋግጦና ነቅሎ መሄድ አሸዋውን ለነፋስ አሳልፎ መስጠት ነው።

ለደኅንነት ደግሞ ምንም ዓይነት ቅጠል አይቅመሱ። አንዳንድ መምህራን ጨው መኖሩን በምላስ እንዲፈትኑ ይነግራሉ፤ ነገር ግን በአሸዋው ላይ ከሚገኙት መካከል ፓንክራቲየም ማሪቲመም የተባለው ነጭ አበባ መርዛማ ነው። ዩፎርቢያ ፓራሊያስ ደግሞ የቁልቋል ወገን ስለሆነ እንደ ቁልቋል ሁሉ ወተቱ ቆዳን ያቃጥላል፤ ዐይን ከነካማ እጅግ አደገኛ ነው።

ደረጃ 2፦ ከውሃው ጠርዝ ወደ ውስጥ መራመድ

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ፣ ጤዛ ሳይተን በማለዳ ይጀምሩ። ከውሃው ጠርዝ ወደ ምሥራቅ በቀጥታ እየተራመዱ በየ10 ሜትሩ ቆመው አራት ነገር ይመዝግቡ፦ የትኛው ተክል እንዳለ፣ አሸዋው የሚንቀሳቀስ ወይም የረጋ መሆኑን፣ ተክሉ ለባሕሩ ነፋስ ፊት ለፊት የተጋለጠ ወይም ከክምሩ ጀርባ የተጠለለ መሆኑን፣ የቅጠሉን መልክ በአንድ ዐረፍተ ነገር።

ማዕበል በክረምት (በዚህ አገር ክረምት የሚባለው ከኅዳር እስከ የካቲት ገደማ ያለው ዝናባማ ወቅት ነው፤ ነሐሴ በጋ ነው) በሚደርስበት መስመር አቅራቢያ ካኪሌ ማሪቲማ የተባለችው ሥጋማ ቅጠል ያላት የአንድ ዓመት ተክል ትገኛለች። አሸዋው በሚከመርበት ቦታ አሞፊላ አሬናሪያ የተባለው ሣር ይታያል። ክሪትመም ማሪቲመም ደግሞ አሸዋን ትቶ በዳርቻው ቋጥኝና ገደል ስንጥቅ ውስጥ፣ ፍንጣቂው በቀጥታ በሚያርፍበት ቦታ ይበቅላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። የአሸዋው ክምር ለባሕር ቅርብ ቢሆንም ውስጡ የግድ ጨዋማ አይደለም፤ የክረምቱ ዝናብ በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል በፍጥነት ስለሚሰርግ ጨዉን አጥቦ ወደ ታች ይወስደዋል። ስለዚህ በክምሩ አናት ላይ ያለ ተክል ዋና ችግሩ ነፋስ፣ አሸዋና ፍንጣቂ እንጂ በሥሩ ያለ ጨው ላይሆን ይችላል። አሞፊላም ብዙ ሰው እንደሚገምተው የአፈር ጨውን የሚወድ ሣር አይደለም፤ ጨው በበዛበት አፈር ላይ ይዳከማል። ጥንካሬው በአሸዋ መቀበርን መቋቋሙ፣ እንዲያውም በተቀበረ ቁጥር ወደ ላይ መውጣቱ ነው።

ደረጃ 3፦ ቅጠሉን በዐይንና በጣት መመርመር

በመጀመሪያ ቀለሙን ይዩ። ሰማያዊ ግራጫ የሚመስል ቅጠል ሲያጋጥምዎ አውራ ጣትዎን በቀስታ ያሳርፉበት። ግራጫው ተነሥቶ ከሥሩ ደማቅ አረንጓዴ ከወጣ ያነሡት ሰም ነው፤ ይህ ሰም ውሃን ያንጠባጥባል፣ ብርሃንንም ከፊሉን ይመልሳል። ግራጫው ካልተነሣ በአጉሊ መነጽር ይመልከቱ፤ ጥቅጥቅ ያለ ጸጉር ወይም ትንንሽ ፊኛ መሰል አካላት ያገኙ ይሆናል። ሦስቱም ከሩቅ አንድ መልክ ይሰጣሉ፣ የሚሠሩት ሥራ ግን የተለያየ ነው። የሰሙ ሽፋን በቶሎ ስለማይታደስ በአንድ ተክል ላይ ከአንድ ቅጠል በላይ አይሹ።

ቀጥሎ የቅጠሉን አቀማመጥ ይመዝግቡ። በዩፎርቢያ ፓራሊያስ ላይ ቅጠሎቹ አጫጭር፣ ወፍራምና ወደ ላይ ያቀኑ ሆነው በግንዱ ዙሪያ እርስ በርስ ተደራርበው ይቆማሉ። በዚህ ምክንያት የቀትር ፀሐይ የቅጠሉን ገጽ በቀጥታ አያገኘውም፤ በቅጠሎቹ መካከል ያለውን አየርም ነፋስ በቀላሉ ጠርጎ አይወስደውም።

በመጨረሻ የተቃጠሉ ጠርዞችን ይፈልጉ። በአንድ ቁጥቋጦ ላይ በባሕሩ በኩል ያሉት ቅጠሎች ብቻ ጫፋቸው ቡናማ ሆኖ በየብሱ በኩል ያሉት ጤናማ ከሆኑ ጉዳቱ የመጣው በአብዛኛው ከፍንጣቂ ነው። ጉዳቱ በሁሉም በኩል እኩል ከሆነ ደግሞ መንስኤውን በአፈሩ ውስጥ መፈለግ ይሻላል።

ደረጃ 4፦ የአሞፊላን ቅጠል በአግድም መቁረጥ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ደረጃ ይህ ነው፤ የአንዲት ቅጠል ቁራጭ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ታሳያለችና።

በፈቃድ የተገኘ ትኩስ ቅጠል ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጠው በንጹሕ ውሃ ውስጥ ያቆዩት። ካሮቱን በቁመቱ ሰንጥቀው ቅጠሉን በመካከሉ ያስገቡና ሁለቱን ግማሽ አጥብቀው በመያዝ፣ በውሃ በራሰ ምላጭ ካሮቱንና ቅጠሉን አንድ ላይ በአግድም ይላጩ። ምላጩን ወደ ራስዎ እየሳቡ በአንድ ምት ይቁረጡ እንጂ እንደ መጋዝ አያመላልሱ። የመጀመሪያዎቹ ቁራጮች ወፍራም ይሆናሉ፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቁራጭ እስኪገኝ ድረስ ብዙ መላጨት የተለመደ ነው። ስሱን ቁራጭ በብሩሽ ወይም በወረንጦ አንሥተው በስላይድ ላይ ባለ የውሃ ጠብታ ያስቀምጡ። ቶሉዲን ብሉ የተባለው ማቅለሚያ ካለ በ0.05 ከመቶ ቅልቅል ለአንድ ደቂቃ ነክረው ያጥቡት፤ የጠነከሩት ህዋሳት ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ፣ ስሶቹ ወደ ወይን ጠጅ ያደላሉ።

በማይክሮስኮፕ የሚታየው ቁራጭ ክብ ሊሆን የቀረበ ቅስት ነው። የውጩ ገጽ፣ ማለትም የቅጠሉ ሥረኛ ገጽ፣ ለስላሳና በወፍራም ሰማዊ ሽፋን የተለበጠ ሲሆን ከሥሩ የጠነከሩ ህዋሳት ተደርድረዋል፤ አሸዋ ሲፈትገው የሚችለው ይህ ገጽ ነው። በዚህ ገጽ ላይ ስቶማታ የሚባሉት የአየር ቀዳዳዎች አይገኙም። ወደ ውስጥ የዞረው የላይኛው ገጽ ግን በጉብታና በሸለቆ የተሞላ ነው። በየጉብታው መካከል ውሃና ምግብ የሚያመላልሱ ቧንቧ መሰል ሥሮች ያልፋሉ፤ ብርሃን አስተጻምሮ፣ ማለትም በብርሃን ምግብ የመሥራትን ሥራ፣ የሚያካሂደው አረንጓዴ ክፍል በጉብታዎቹ ጎንና ጎን ተጣብቋል፤ ስቶማታዎቹም እዚያው ጎን ላይ፣ በአጫጭር ጸጉሮች ተጋርደው ይገኛሉ። በሸለቆዎቹ ወለል ላይ ደግሞ ግድግዳቸው ስስ የሆነ፣ ከጎረቤቶቻቸው የሚተልቁ ህዋሳት በቡድን ተቀምጠዋል። ቅጠሉን የሚከፍቱትና የሚዘጉት እነዚህ ናቸው። ውሃ ሲሞላባቸው ያብጡና ሸለቆውን ይከፍቱታል፤ ውሃ ሲያጡ ይኮማተራሉ፣ ቅጠሉም ይጠቀለላል። በተጠቀለለው ቅጠል ውስጥ የታሰረው አየር እርጥብ ስለሚሆን ውሃ ከስቶማታ የሚወጣበት ፍጥነት ይቀንሳል።

ይህን በዐይን ለማየት ከዚያው ትኩስ ቅጠል ሁለት ቁራጭ ወስደው አንዱን በንጹሕ ውሃ፣ ሌላውን እጅግ ጨው በበዛበት ውሃ ውስጥ ያድርጉ። በንጹሑ ውሃ ያለው ሲከፈት በጨዋማው ያለው ይጠቀለላል። ከዚያ ቁራጮቹን አለዋውጠው ምላሻቸውን ይመልከቱ። የደረቀና የሞተ ቅጠል ለዚህ ሙከራ አይሆንም፤ ህዋሳቱ ሕያው ካልሆኑ ውሃን ይዘው ማበጥ አይችሉም።

ደረጃ 5፦ ስቶማታዎቹ የት እንዳሉ ማወቅ

በለስላሳ ቅጠል ሁለቱም ገጾች ላይ የጥፍር ቀለም በስሱ ይቀቡ፣ ፈጽሞ ሲደርቅ ስኮች ለጥፈው ያንሡትና ስኮቹን በስላይድ ላይ ለጥፈው ይዩ። የእያንዳንዱ ስቶማ ቅርጽ ታትሞ ይታያል፤ በተመሳሳይ የማጉሊያ መጠን በላይኛውና በታችኛው ገጽ ያሉትን ቆጥረው ያነጻጽሩ።

ጥንቃቄ የሚሻው ባዶ ሆኖ የወጣ አሻራ ነው። ስቶማታዎቹ በጉድጓድ ውስጥ የጠለቁ ወይም በጸጉር የተሸፈኑ ከሆነ የጥፍር ቀለሙ አይደርስባቸውም፤ ስለዚህ አሻራ አለመታየቱ ቀዳዳ አለመኖሩን አያረጋግጥም። እንዲህ ባለ ጊዜ ወደ ደረጃ 4 ተመልሶ ቅጠሉን በአግድም መቁረጥ ግድ ይሆናል።

ደረጃ 6፦ ሥጋማነትን በቁጥር መለካት

ወፍራም ቅጠል ማለት ብቻውን ብዙ አይነግርም። ከክሪትመም ጥቂት የቅጠል ክንፎች (ቅጠሉ የተከፋፈለባቸው ጠባብ ክፍሎች) ወስደው በአንድነት ይመዝኗቸው፣ በባለካሬ ወረቀት ላይ ዙሪያቸውን አስምረው አጠቃላይ ስፋታቸውን ያስሉ፣ ከዚያም ክብደታቸው መቀነሱን እስኪያቆም በ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አድርቀው እንደገና ይመዝኗቸው። ከእርጥቡ ክብደት ደረቁን ቀንሰው ልዩነቱን ለስፋቱ ያካፍሉ። ለምሳሌ እርጥቡ 1.80 ግራም፣ ደረቁ 0.25 ግራም፣ ስፋቱ 12 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ቅጠሉ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 0.13 ግራም ያህል ውሃ ይዟል ማለት ነው። ይኸንኑ በሎሚ ወይም በሌላ ስስ የጓሮ ቅጠል ላይ ደግመው ያነጻጽሩ። የክሪትመም ክንፎች ጠባብና ድቡልቡል ስለሆኑ በወረቀቱ ላይ የሚሰመረው ጥላቸው ብቻ ነው፤ ስሌቱ ለማነጻጸር ያገለግላል እንጂ የገጹን ሙሉ ስፋት አይሰጥም።

የክሪትመም ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ሲታይ አረንጓዴው ክፍል በዳር በዳሩ ዞሮ መካከሉን ቀለም የሌላቸው ትልልቅ ውሃ ያዥ ህዋሳት ሞልተውት ይገኛል። እነዚህ ህዋሳት ለድርቅ ቀን ውሃ ከማቆየታቸው በተጨማሪ ወደ ቅጠሉ የገባውን ጨው በብዙ ውሃ በመበረዝ መርዝነቱን ያለዝቡታል። ቅርጹም የራሱን ድርሻ ይይዛል፤ ድቡልቡል ቅጠል ከያዘው ውሃ አንጻር ለነፋስ የሚያጋልጠው ገጽ ጥቂት ነው።

ሥጋማነቱ ከጨው ወይስ ከድርቅ የመጣ መሆኑን ለመለየት እሬትን ማነጻጸሪያ ያድርጉ። የእሬት ቅጠልም ወፍራምና ውሃ የሞላው ነው፤ ሆኖም ከባሕር ርቆ በደረቅ ኮረብታ ላይ ይኖራል። ከሁለቱም ተክሎች ጥቂት ጭማቂ ጨምቀው እኩል መጠን ባለው ዲስቲልድ ውሃ ይበርዙና የውሃ ጨውነት በሚለካ የኤሌክትሪክ መለኪያ ይፈትኑ። በጨው አካባቢ ያደገው ተክል ጭማቂ እጅግ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ወደ አፋር የሚጓዝ መምህር ደግሞ በዚያ ጨዋማ ሜዳ ላይ የሚበቅለውን ሱኤዳ ሞኖይካ የተባለ ቁጥቋጦ ቢፈትሽ፣ ባሕር በሌለበት አገር የባሕር ዳርቻን የሚመስል ሥጋማ ቅጠል ያገኛል።

ትዕግሥት ያለው ሰው ከዚህ አልፎ ሊሄድ ይችላል። ከአንድ ዘር የበቀሉ የካኪሌ ወይም የክሪትመም ችግኞችን በሁለት ከፍሎ ለአንዱ ወገን ንጹሕ ውሃ፣ ለሌላው በሊትር እስከ 5.8 ግራም የገበታ ጨው ያለበት ውሃ ያጠጣ። ጨዉን ከትንሽ ጀምሮ በየጥቂት ቀኑ ቀስ እያሉ መጨመር ያስፈልጋል፤ ከሳምንታት በኋላ አዳዲሶቹን ቅጠሎች ብቻ መለካት ይገባል። ጨው ያገኙት ቅጠላቸው ወፈር ይላል፤ ይህም ሥጋማነት ከፊሉ በዘር የተወረሰ፣ ከፊሉ ደግሞ በኑሮ የሚመጣ መሆኑን ያሳያል።

ደረጃ 7፦ ጨዉን የሚያስወጡ ቅጠሎችን ማረጋገጥ

አትሪፕሌክስ ሃሊመስ የተባለው ቁጥቋጦ በየመንገዱ ዳርና በየግቢው አጥር ሆኖ ስለሚተከል ቅጠሉን ማግኘት አይቸግርም። ለጋውን ቅጠል በአጉሊ መነጽር ሲያዩት በአጭር ግንድ ላይ የቆሙ ክብ ፊኛዎች ተጨናንቀውበታል። ተክሉ ከቅጠሉ ውስጥ ጨው እያወጣ በእነዚህ ውስጥ ያከማቻል። ቅጠሉ ሲያረጅ ፊኛዎቹ ይፈነዱና ይኮማተራሉ፣ የቀረውም ጨው ብርሃን የሚመልስ የብር ቀለም ሽፋን ይሆናል። ታማሪክስ የተባለው ቁጥቋጦና አቪሴኒያ ማሪና የተባለው የባሕር ውስጥ ዛፍ በሌላ መንገድ፣ በጨው ዕጢዎች አማካይነት ጨዉን በቀጥታ ወደ ቅጠሉ ገጽ ያወጣሉ። በአቡ ዳቢ የጁበይል ደሴት የእንጨት መተላለፊያ ላይ ቆሞ የአቪሴኒያን ቅጠል በቅርብ ማየት ይቻላል፤ ይኸው ዛፍ በኤርትራ በምጽዋ አካባቢም ይበቅላል። አቪሴኒያ አብዛኛውን ጨው አስቀድሞ በሥሩ ያግደዋል፤ በቅጠሉ ላይ የሚታየው አምልጦ የገባው ብቻ ነው።

ነገር ግን በቅጠል ላይ የተገኘ ጨው ሁሉ ከቅጠሉ የወጣ አይደለም፤ ነፋስም ያመጣዋል። ስለዚህ ፈተናው እንዲህ ይሁን። በግቢ ውስጥ ካለ ተክል ላይ አንድ ቅርንጫፍ መርጠው ቅጠሎቹን በዲስቲልድ ውሃ በደንብ ይጠቡ፣ ሲደርቁ በላስቲክ ከረጢት ለቀቅ አድርገው ይሸፍኗቸው። በማግስቱ ማለዳ በቅጠሉ ላይ ጥቂት ጠብታ ዲስቲልድ ውሃ አሳርፈው ያንኑ መልሰው ያንሡና በስላይድ ላይ ያድርቁት። ማዕዘናቸው የተስተካከለ ትንንሽ ካሬ ቅንጣቶች ከታዩ የገበታ ጨው ናቸው። በዚያው ቦታ የቆመ ጨው የማያስወጣ ተክል ላይ ይኸንኑ ካልደገሙ ግን ውጤቱ ምስክር አይሆንም። በአትሪፕሌክስ ላይ ደግሞ በሚያጥቡበት ጊዜ ፊኛዎቹ እንዳይፈነዱ ሳይሹ ውሃውን ማፍሰስ ብቻ ይበቃል።

ደረጃ 8፦ ዋጋውን መመዝገብ

ቅጠል የሚያገኘው ጥቅም ሁሉ የሚያስከፍለው ነገር አለ። የተጠቀለለው አሞፊላ ውሃውን ሲያድን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መግቢያውንም አብሮ ያጠብባል፣ ብርሃን የሚቀበለው ገጽም ያንሳል። የብር ቀለም ያለው አትሪፕሌክስ ብርሃኑን ሲመልስ ምግብ ሊሠራበት ይችል የነበረውንም ይመልሳል፤ ዕጢና ፊኛ መሥራትም ጉልበት ይፈጃል። በማስታወሻዎ ላይ ለእያንዳንዱ ተክል ያዩትን፣ የለኩትንና የገመቱትን በተለያየ ዓምድ ያስፍሩ። ግምትን ከልኬት ጋር መቀላቀል በዚህ ጥናት ውስጥ በብዛት የማየው ጉድለት ነው፤ በተለይ ወፍራምና ጠንካራ ቅጠል ሲታይ ሁሉን ለጨው መስጠት ይቀላል፤ የአፈሩ በማዕድን መደኽየት ብቻውን ጠንካራ ቅጠል ሊያመጣ እንደሚችል ግን ይዘነጋል።

ደረጃ 9፦ በነሐሴ መመለስ

በየካቲት የተራመዱበትን መስመር በነሐሴ እንደገና ይሂዱበት። በክረምት ሰፋፊና ሰማያዊ ግራጫ ቅጠሎች የነበሩት ፓንክራቲየም በዚህ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ቅጠሉ ደርቆ አበባው ብቻ ከአሸዋው ወጥቶ ይገኛል። ይህ ተክል ውሃውንና ምግቡን በአሸዋው ውስጥ በጠለቀ ሽንኩርት መሰል ኮረት ያስቀምጣል፤ አዲስ ቅጠል የሚያወጣውም አበባው ካለፈ በኋላ፣ ወደ መጸው ነው። የቀድሞው ልኬትዎ የፓንክራቲየም ቅጠል ከአሞፊላ ይልቅ ለስላሳና ለድርቅ ያልታጠቀ መሆኑን አሳይቶ ከነበረ ምክንያቱ እዚህ ላይ ይገለጣል፤ በክረምት ብቻ የሚኖር ቅጠል የበጋውን ድርቅ መቋቋም አይጠበቅበትም። ስለዚህ በሠንጠረዥዎ ላይ ከእያንዳንዱ ተክል አጠገብ ቅጠል የሚይዝባቸውን ወራት ይጻፉ፤ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል የሚይዙትንና በበጋ የሚያራግፉትን ለይተው እርስ በርሳቸው ብቻ ያነጻጽሩ።